የበያጁ የበዓል ወጥ

ወንድሜ በያጅ ነው። ብረት ከብረት ሲያገናኝ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ የበረንዳ ብረት ሲበይድ አይቼው፣ ያዞረኝ እኔን ነው መሬት ላይ የቆምኩትን። ያን ቀን ጠዋት ግን ቤቱ ስገባ አንዲት ዶሮ ፊት ቆሞ እጁ ይንቀጠቀጣል። ዶሮዋ ደግሞ የሞተች፣ ላባዋ የተነጨ፣ በላስቲክ ተጠቅልላ ከሱቅ የመጣች ናት። ምን ታደርገኛለች ብሎ እንደፈራት እንጃ!

«እትዬ፣ መጣሽ? በይ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ በይ። እጅሽን እንዳታስገቢ» አለኝ።

«አፌንስ?»

«አፍሽንማ ማን ይችለዋል!»

ቀኑ በዓል ነበር። እኛ ያለንበት አገር ደግሞ የእኛን በዓል የሚያውቀው የለም። አውቶቡሱ ይሄዳል፣ ሱቁ ይከፈታል፣ እኔ በማጥብበት ሆቴል አንሶላው እንደወትሮው ይቆለላል። አለቃዬን «አሞኛል» ብዬ ነው የቀረሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ እንኳንም ቀረሁ! ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የወንድሜ ሚስት ልትገባ ነዋ። ልቤ ከጠዋት ጀምሮ ድው ድው ይላል፤ ባሏ እኔ ብሆን እንኳ እንደዚያ የምሆን አይመስለኝም። እኔ የራሴን ባል ከሸኘሁት ቆይቻለሁ፣ በዚያ በኩል ሰላም ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ የሠርጉ ድንኳን የተተከለበት ጉድጓድ ሳይደፈን ነው አገር ለቆ እኔ ወዳለሁበት የመጣው። «ስድስት ወር ታገሺኝ፣ ወረቀቱ ያልቃል» ብሏት ነበር። ወረቀት መቼ ያልቃል! ስድስት ወሩ ስድስት ዓመት ሆነ። ልጅቷ እናታችን ቤት ተቀመጠች። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ሙሽሪት» እያለ ነው የሚጠራት፤ ሙሽራ እንደሆነች የቀረች ሰው እሷን ብቻ ነው ያየሁት። እናታችን ቤት ደግሞ በዓል ሲመጣ ዘመድ አዝማዱ፣ የአጎት ልጁ፣ ጎረቤቱ፣ የጎረቤት እንግዳው ሳይቀር ነው የሚበላው። ያን ሁሉ ሰው ሠርታ የምታበላው ማን ሆነችና? ሙሽሪት።

በየበዓሉ ወንድሜ ይደውላል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ይባላል፣ መጨረሻ ላይ እሷ ከማጀት ትጠራለች። «ምን በላሽ?» ይላታል። «ኧረ ስሠራ ጠግቤ» ትለዋለች። ይሄ መቼም ሴት ሁሉ የሚለው ነው፤ እኔም ብዬዋለሁ። ሰው ይስቃል፣ ያልፋል። ያለፈው በዓል ግን እኔ አጠገቡ ነበርኩ። «አንድ ቀን እጄን ያላስገባሁበት የበዓል ወጥ ቁጭ ብዬ ብበላ ሌላ አልመኝም» ብላ እየሳቀች ጨመረችበት። እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ይቺ ልጅ እናታችን ቤት አንድም በዓል ቁጭ ብላ አልበላችም ማለት ነው፣ እትዬ» አለኝ።

ወረቀቱ አልቆ ትኬቱ ሲቆረጥ ቀኑ ሄዶ ሄዶ በዓሉ ላይ ዋለ። በቃ፣ ሰውዬው እንቅልፍ አጣ። «መጥታ መጀመሪያ የምትይዘው ማማሰያ ከሆነ አለቀልኝ። ከእናቴ ማጀት ወደ እኔ ማጀት አዛወርኳት እንጂ ሚስቴን አመጣሁ አይባልም» ይላል። እኔ ልሥራልህ አልኩት። እምቢ። ከሚሸጡት እንግዛ አልኩት። እምቢ። ራሱ ሊሠራ! ቆይ፣ ይሄ ሰው እኮ ከእንቁላልና ከፓስታ ሌላ ምድጃ ላይ ጥዶ አያውቅም። እንቁላሉንም ያሳርረዋል።

ሙያውን የጠየቀው እናታችንን ነው። እውነቱን ቢነግራት «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ጥልቅ አደረገው!» ብላ አገር ይያዝልኝ ልትል ስለምትችል፣ «የሥራ ባልደረባዬ ሚስት እናትህን ጠይቅልኝ ብላኝ ነው» አላት። እናታችን ሙያዋን ከጠየቋት ደስታዋ አይጣል ነው። «ሽንኩርቱን በደረቁ ታቁላላው፣ አትቸኩዪ በላት። ዘይት ኋላ ነው። በርበሬው ሲገባ እሳቱን ታብርደው፣ ውሃ ጠብ እያደረገች ታስታርቀው። ሦስት እፍኝ በርበሬ ይበቃታል። ዶሮውን በሎሚና በጨው፣ ውሃው ኩልል እስኪል ትጠበው» አለችው። እሱም እንደ ዳዊት ሲደግመው ሰነበተ። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ጸሎተኛ ነው ይለዋል።

እንግዲህ ወደ ዶሮዋ እንመለስ። ዶሮ መበለት ቀልድ አይደለም። አሥራ ሁለቱም ብልት በሥርዓቱ መውጣት አለበት፤ ድሮ ይሄን ያላወቀች ሙሽራ ጉድ ትባል ነበር። እኔ ራሴ ከሙያዬ ሁሉ የምፈራው እሱን ነው። ወንድሜ እጁ መንቀጥቀጡን ሲተው ግን ጉድ አሳየኝ። ቢላውን ከማሳረፉ በፊት በጣቱ ይዳስሳል። «መገጣጠሚያው እዚህ ጋ ነው» ይልና ቆረጥ። ብረት ሲገጥም የኖረ ሰው መገጣጠሚያ መች ይጠፋዋል! አጥንት ሳይሰብር፣ ሥጋ ሳይቀድ አንድ በአንድ አወጣው። ፈረሰኛውን ሲያወጣ ለብቻው ሳህን ላይ አስቀመጠው። ፈረሰኛ የብልቶች አለቃ ነው። እኛ ቤት አባታችን በሕይወት እያለ የአባታችን ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ከወንዶቹ ለትልቁ ወይም ለክቡር እንግዳ ይወጣል።

«ይሄ የእሷ ነው» አለኝ።

«የእሷ?»

«የእሷ።»

ከወንበሬ ብድግ ብዬ ሳህኑን ደግሜ አየሁት።

ከዚያ ሽንኩርት መጣ። ሰውዬው ከኪሱ ብረት ሲቆርጥ የሚያደርገውን መነጽር መዥረጥ አድርጎ አጠለቀ። ዋና የሚገባ ነው የሚመስለው! እኔ ከወንበሬ ልወድቅ ደረስኩ። «ሳቂ፣ ሳቂ፤ ማን እንደሚያለቅስ እናያለን» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እሱ ደረቅ ዓይኑን ይዞ ሲከትፍ እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። «ደቀቅ አድርገው! ይሄ ለሰላጣ ነው እንዴ?» እላለሁ። «አፍሽ ብቻ» ይላል። ድስቱን ጣደ፣ ሽንኩርቱን በደረቁ ማቁላላት ጀመረ። ሲያማስል ክንዱ አይደክመውም፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲፈትግ የሚውል ክንድ ነው። ሽንኩርቱ ቀስ እያለ ሲቀላ፣ ቤቱ በዓል በዓል መሽተት ሲጀምር፣ እኔም ሳላስበው ቆሜ እያጨበጨብኩ ነበር። «ኧረ ተው፣ አንተ ሰው ወጥ ልትሠራ ነው!» አልኩት። ፊቱ በራ።

እንጀራ የምትጋግርልን ሴትዮ ሁለት መንገድ ተሻግራ ነው ያለችው። «እስክመለስ ደህና ሁን» ብዬው ወጣሁ። ምነው እግሬን በሰበረው! ስመለስ ገና ደረጃው ላይ ሳል ያዘኝ። የጭስ ደወሉ ይጮኻል፣ የታች ቤት ሰውዬ በሩን ከፍቶ በመሀረብ አፍንጫውን ይዞ ቆሟል። ሮጬ ስገባ ወንድሜ መስኮቱን ሁሉ በርግዶ በፎጣ ደወሉን ያራግበዋል።

«ምን አድርገህ ነው?»

«በርበሬ ነዋ! እንዳለችው ሦስት እፍኝ ነው የጨመርኩት!»

«በማን እፍኝ?»

ቀስ ብሎ እጁን ዘርግቶ አየው። እናታችን እጇ የሕፃን እጅ ያህል ናት፤ ጓንት የምትገዛው የልጆችን ነው። የእሱ እፍኝ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አካፋ ነው። በአካፋ ሦስቴ ዝቆ ጨምሮታል! በማማሰያው ጫፍ ቀመስኩት። ጆሮዬ ጭው አለ፣ ምላሴ አፌ ውስጥ መኖሩንም ተጠራጠርኩ።

«ደግነቱ ዶሮው አልገባም። ሌላ ሽንኩርት አቁላላና ቀይጠው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። እኔም አየሁ። ሌላ ሽንኩርት መክተፍ፣ በደረቁ ማቁላላት፣ ከዚያ ገና ዶሮው ሊበስል... አውሮፕላኑ ደግሞ አየር ላይ ነው።

«አንተ ሂድና ተቀበላት። ወጡን ለእኔ ተወው» አልኩት። የትኛውም ጤነኛ ሰው የሚያደርገው ይሄንን ነው አይደል?

«አይሆንም። አንቺ ሂጂ።»

«ምን?»

«አንቺ ከነካሽው የአንቺ ወጥ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት ብዬ ዓይኗን እያየሁ ልዋሻት ነው? ሂጂ፣ እትዬ። በእናትሽ።»

«አብደሃል! ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችህ ልጅ በሩ ጋ አንተን ልታይ ነው እንጂ የእኔን ፊት ናፍቃ ነው? ወጡ ይቅርብህና ዳቦ አብላት!»

«ሂጂ ብያለሁ። አትንገሪያት ደግሞ።»

ግትርነቱን ከእናታችን ነው የወሰደው፤ እኔ ምንም አልደረሰኝም። በሩን ደርግሜ ወጣሁ። «የራስህ ጉዳይ ነው!» ብዬ ደረጃው ላይ ስጮህ የታች ቤቱ ሰውዬ በሩን ዘጋ።

አውሮፕላን ማረፊያው ሰው በሰው ነው። አበባ የያዘ አለ፣ ልጁን ትከሻው ላይ የሰቀለ አለ፤ እኔ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትኩ ቆሜአለሁ። የሚከፈተውን በር ሳይ ሳይ ዓይኔ ደከመ። መጣች። ሻንጣዋን እየገፋች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ፣ ከፎቶው ቀጠን ብላ። እልልታዬን ለቀቅኩት! ጥበቃው ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ። አቅፌ ሳምኳት፣ ደግሜ ሳምኳት። እሷም ስማኛለች፤ ግን ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ አልፎ ይፈልጋል።

«እሱስ፣ እትዬ?»

«ሥራ ላይ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም መቼም።

«በበዓል?»

«እዚህ እኮ የእኛ በዓል የለም፣ የኔ እናት።»

ይሄን ከምል ምነው ምላሴ በተቆረጠ! ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ድርግም አለ። «ደህና ነው ግን?» አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። «አላመመውም?» አላመመውም። ከዚያ አልጠየቀችኝም። አውቶቡስ ውስጥ ሻንጣዋን በጉልበቷ ይዛ መስኮት መስኮቱን ታያለች። እኔ አፌ ውስጥ እሳት ይዣለሁ፤ ሚስጥር መያዝ ለእኔ ምጥ ነው። ትንሽ ቆይታ ወደ መስኮቱ እንደዞረች «ምንም አይደል፣ መጠበቁን እንኳ ለምጄዋለሁ» አለች። ልፈነዳ ደረስኩ! እጇን ይዤ «ዝም ብለሽ ነይ፣ እኔ ነኝ የምልሽ» ብቻ አልኳት። ምን እንዳልኳት አልገባትም፣ ግን እጇን አልነጠቀችኝም።

ደረጃውን ስንወጣ ሽታው ተቀበለን። ያ የሚያስለው የበርበሬ ጭስ አይደለም፤ ሌላ ነው፣ የበሰለ፣ የታረቀ፣ ቅቤው የገባበት። ደስታዬ አንገቴ ላይ ደረሰ። እሷ ቀጥ ብላ ቆመች። አሸተተች። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች።

«ብቻሽን ስትለፊ ነው የዋልሽው፣ እትዬ? አይዞሽ፣ ልብሴን ቀይሬ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ከአውሮፕላን የወረደች፣ እንቅልፍ በዓይኗ ያልዞረ ልጅ! መልስ ሳልሰጣት በሩ ተከፈተ። ወንድሜ የእኔን ባለ አበባ ሽርጥ አገልድሞ፣ ማማሰያ ይዞ ቆሟል። ሁለተኛውን ሽንኩርት በጥድፊያ ያለ መነጽር ነው የከተፈው መሰል፣ ዓይኑ አብጦ በርበሬ መስሏል። ተያዩ።

«ዓይንህን ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ሽንኩርት።»

ትን እስኪላት ሳቀች። ስትስቅ ነው ያለቀሰችው፣ ስታለቅስ ነው ያቀፈችው፤ ማማሰያው ከነወጡ ነጠላዋ ላይ አረፈ፣ ማንም ልብ አላለውም። እኔ ደረጃው ላይ ሻንጣ ይዤ ቀረሁ። «ግቡ እንጂ፣ እኔ ሐውልት ነኝ?» ብዬ ገፋኋቸው።

ገብታ ወጥ ቤቱን አየችው። ጦር ሜዳ ነው። ግድግዳው ሳይቀር ቀልቷል። ወዲያው ወደ ዕቃ ማጠቢያው ልትሄድ ስትል ወንድሜ ከፊቷ ቆመ።

«ዛሬ እግርሽ እዚህ አይረግጥም።»

«አንተ ነህ የሠራኸው?» ብላ እኔን አየችኝ። ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። «እናቴን! እጄን አላስገባሁም!»

ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ሊያስነሱኝ ነው እንደሚል ሰው። ውሃ በጆግ አምጥቶ እጇን አስታጠባት። ውሃው ሲወርድ ከእጇ ይልቅ እሱን ነው የምታየው። እንጀራውን ዘረጋ፣ ወጡን አወጣ፣ እንቁላሉን አስቀመጠ፣ ፈረሰኛውን ፊቷ አደረገው።

«ይሄማ ያንተ ነው» አለች።

«ዛሬ ያንቺ ነው። ብይ።»

ጠቀለለች፣ ጎረሰች። እኔም እሱም ትንፋሻችንን ይዘናል። ላመጠች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ዋጠች።

«ያቃጥላል?» አላት፣ ድምፁ ጠፍቶ።

«ያቃጥላል» አለች። እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። «ጨምርልኝ።»

እልል! ሌላ ምን ይባላል? ወንድሜ ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፣ ሳቁ አላባራ አለ። እኔም ጠረጴዛውን እየደበደብኩ እበላለሁ፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ማን ግድ አለው። ልክ በዚያ መሀል ስልኩ ጮኸ። እናታችን ናት፣ በቪዲዮ። ስልኩን ወደ ፊቷ በጣም ስለምታስጠጋው ሁልጊዜ የሚታየን ግንባሯና ሻሿ ነው።

«ገባች? በሰላም ገባች?» አለ ግንባሯ። «እንኳን አደረሳችሁ! እስቲ አሳዩኝ። እንዴ! ያ ምንድን ነው? ወጥ ነው? ሳታርፍ፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ማጀት አስገባችኋት? እናንተ አረመኔዎች!»

«እሷ አይደለችም፣ እማዬ። እኔ ነኝ የሠራሁት» አላት ወንድሜ።

እኔ ለስድቡ ተዘጋጀሁ። እናታችን ስልኩን ቀስ ብላ ከፊቷ አራቀችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊቷ ታየን።

«ፈረሰኛውን ለማን አወጣህ?»

«ለእሷ።»

ሻሿን አስተካከለች። ሌላ ቦታ አየች።

«ደግ አደረግህ» አለች። «እኔ ስንቱን ዶሮ በልቼ... ሠርቼ ማለቴ ነው፤ ፈረሰኛው ምን ምን እንደሚል ግን እስካሁን አላውቅም።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ የቱን ነበር የምትበላው?» አለኝ በሹክሹክታ። አሰብኩ። አባታችንን አውቃለሁ፣ አጎቶቻችንን አውቃለሁ፣ እኛ ልጆቹ በየትኛው እንደምንጣላም አውቃለሁ። የእናቴን አላውቅም።

«አንገቱን ነው» አለች ሙሽሪት፣ እንደ ጎረሰች። «እንግዳው ሁሉ ከበላ በኋላ፣ ማጀት ቁጭ ብለን ለሁለት እንካፈለው ነበር። አይደል፣ እማማ?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ» አለች እናቴ። «ዛሬ ብቻዬን በላሁት።»